ለሁሉም አስር

ኤርጎ እንድንጋባ ሲጠይቀኝ «አንቺ ለእኔ ከአስር አስር ነሽ» አለኝ። እኔም «ያንተ አስር ምን ዋጋ አለው?» ብዬ መለስኩለት።

ለሰማው ሰው ክፉ እመስላለሁ። ክፉ አይደለሁም፤ ነጥብ ላይ ግን ቀልድ አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ መልስ እኔ፣ ጓደኛችን ያቤጽና ኤርጎ ጂንካ ውስጥ አንድ ጁስ ቤት ቁጭ ብለን ላየነው አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን ካርቱን፣ ሁሉ ከአስር ነጥብ እንሰጣለን። የሰጠ ሰው «ለምን?» ከተባለ ተነስቶ ይሟገታል፤ ምክንያት የሌለው ቁጥር አይቆጠርም። ያቤጽ የሂሳብ አስተማሪ ስለሆነ «ሰባት ነጥብ ሁለት አምስት» እያለ ያቃጥለኛል። እኔ ስድስት ከሰጠሁ ወድጄዋለሁ ማለት ነው። በሕይወቴ አስር የሰጠሁት «የጨው ደሴት» ለሚባል አኒሜ ብቻ ነው።

ኤርጎ ግን ለሁሉም አስር ነው። ገበያው አጠገብ ፊልም ማስጫኛ ቤት አለው። የቱርሚ ሹፌርም የኦሞራቴ ነጋዴም የስልኩን ሚሞሪ ይዞ ፊልም ሊያስገለብጥ እሱ ዘንድ ይመጣል። ኔትወርኩ አንድ ፎቶ ለመክፈት እንኳ ስለሚያስለምን፣ አኒሜ ወደ ከተማችን የሚገባው በእሱ ኮምፒውተር በኩል ብቻ ነው። «እንዴት ነው?» ላለው ሁሉ «አስር ነው» ይላል። ጁስ ቤት ስንገናኝም ያው አስር። ተሟገት ስንለው ይነሳና «አሪፍ ነው፤ በቃ አሪፍ ነው» ብሎ ይቀመጣል።

እወደዋለሁ፤ ምን እደብቃለሁ። ሳቁን ብቻ ሰምቼ ቀኔ ይቀናል። ግን ባለፈው ሳምንት፣ የምታወራ ድመት ላለችበት አንድ ቀሽም አኒሜ አስር ሲሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያች ድመት እኩል ልሁን? ሁሉም ነገር አሪፍ ከሆነለት ሰው ጋር እንዴት ይኖራል? ልቤ እሺ እያለ እኔ «ቅዳሜ እነግርሃለሁ» አልኩት።

ቅዳሜ ያቤጽ ባሮክ የሚባል ሰው ይዞ መጣ፤ ከሀዋሳ ወደ እነሱ ትምህርት ቤት የተዛወረ መምህር ነው። ገና ጁሱ ሳይቀርብ «የጨው ደሴት» ተነሳ።

«አራት» አለ ባሮክ።

ቆሽቴ አረረ። ብድግ ብዬ ተሟገትኩ። «ዓሣ አጥማጁ እህቱን ፍለጋ ያላሰሰው የለም። መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ባዶ ጀልባዋን ነው።»

«ልክ ነው፤ ግን…» አለ ባሮክ።

«አልጨረስኩም። ጀልባዋ ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አያለቅስም።»

«እሱ እኮ…»

«እሱ ሳይሆን እኛ ነን የምናለቅስለት። አስሬ ለዚያ ነው» ብዬ ተቀመጥኩ።

ባሮክ እስክረጋጋ ጠበቀና ቀስ ብሎ «እሱ አስራ አንደኛው ክፍል ነው። አስራ ሁለተኛውን አላያችሁትም እንዴ?» አለ።

ስልኩ ላይ ነበረው። አራታችንም አንገታችንን አስግገን አየን። እህትየው ፈገግ እያለች ከባሕር ወጣች። ለካ ሁሉም ሕልም ነበር። ከዚያ ሰርግ ተደገሰ፤ ዓሣዎቹም ጨፈሩ።

ክው አልኩ። ያቤጽ «ሲገለበጥ ጠፍቶ ይሆናል፤ ጂንካ ያለው ሁሉ ያየው አስራ አንዱን ነው» አለ። ዞር ስል ኤርጎ አቀርቅሮ ጁሱን ያማስላል።

«ለዚህኛው ክፍል ስንት ትሰጣለህ?» አልኩት።

«ዜሮ።»

ያቤጽ ጁሱ ትን አለው።

«ተነስና ተሟገት» አልኩ።

ተነሳ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰው አስራ አንድ ክፍል ሙሉ ከዓሣ አጥማጁ ጋር እህቱን ፈልጓል፣ አዝኗል። ከዚያ በኋላ ሕልም ነው ማለት ሀዘኑን መቀማት ነው። ያንን ለሰው መጫን አስጠላኝ። ደግሞ መጀመሪያ ልታስጭኚው የመጣሽው አንቺ ነበርሽ፤ አንቺ እንድታዪው አልፈለግኩም።»

«ታዲያ ለሌላው ሁሉ አስር የምትሰጠው ለምንድነው?»

«ነጋዴ ነኝ እኮ፣ ሰምሃል። ቀሽም ነው ካልኩ ማን ያስጭናል?»

ባሮክ አራቱን አልቀየረም፤ አስራ ሁለቱንም ያየ ሰው ነውና አልፈረድኩበትም። እኔም አስሬን አልነካሁም። ግን ያን ያህል ያስለቀሰኝን መጨረሻ የመረጠልኝ ኤርጎ መሆኑን ሳስብ ደስ አለኝ።

ስንመለስ በቀድሞው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ በኩል አብረን ሄድን። «እዚህ ገበያተኛ የለም። እውነቱን ንገረኝ፤ ስንት ነኝ?» አልኩት።

ቆመ። ሳሩን እያየ ብዙ አሰበ። «ዘጠኝ» አለ።

«አንዱን ምን በላው?»

«ስትናደጂ ሰው አታስጨርሺም። ዛሬ እንኳ ባሮክን ሁለቴ አቋረጥሽው።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ነጥብ ሰጥቷል፤ ምክንያቱንም ተናግሯል። አስር ሲለኝ ያላመንኩት ሰው ዘጠኝ ሲለኝ አመንኩት።

«እሺ እንጋባ» አልኩ።

ኤርጎ እጄን ያዘና «አሪፍ ነው፤ በቃ አሪፍ ነው» አለ።

ተሟገት አላልኩትም።