የኃላፊው ልጅ በዝግተኞቹ ክፍል

የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን በሒሳብ «ፈጣን» እና «ዝግተኛ» ብሎ ለሁለት የሚከፍለውን ሕግ ያወጣው ፈጣኖቹን የሚያስተምረው የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ራሱ ነው፤ መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ የስሌቱን ሂደት ያልጻፈ በመመደቢያው ፈተና ዜሮ ያገኛል። ዘንድሮ ሕጉ የገዛ ልጁን ዝግተኞቹ ክፍል ዶላት። ቤት ውስጥ «እስክሪብቶውን አስቀምጪና በጭንቅላትሽ አስቢው!» እያለ ያሳደጋት እሱ፣ አሁን ዓይኑ ደም ለብሶ በዝግተኞቹ መምህርት ላይ ኮሪደሩን ዘጋባት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጄ መልሱን ሁሉ አግኝታለች!»

«አግኝታለች፤ ሂደቱን ግን አልጻፈችም። ሕጉ የእርስዎ አይደል እንዴ፣ ጌታዬ?»

«ሕጉ የወጣው ለደነዞች ነው!»

«እንግዲያው ከደነዞቼ ግማሾቹ እንደ ልጅዎ መልሱን አግኝተው፣ ሂደት ባለመጻፍ የወደቁ ናቸው። ሕጉን ያንሱትና ሁሉም አብረዋት ወደ ፈጣኖቹ ይዛወሩ። ዛሬውኑ እፈርማለሁ።»

ኃላፊው ገርበብ ባለው በር አጮልቆ አየ። ባለፈው ሳምንት «ጭንቅላት የተሰጣችሁ ለኮፍያ ነው» ብሎ የሰደባቸው ልጆች ተደርድረዋል። እነሱን ከፈጣኖቹ ጋር ሊያስቀምጥ? በወላጆች ስብሰባ ላይ ቆሞ «ተሳስቼ ነበር» ሊል?

«ልጄ እዚሁ ትማር» አለ። «ትንሽ ብትቀጣ አይጎዳትም።»

ልጅቱ በሩ አጠገብ ካለው ዴስክ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታ ነበር። ብድግ ብላ መጣችና አባቷን ሽቅብ አየችው።

«አባዬ፣ ፈጣኖችህ እየጠበቁህ ነው» አለችና በሩን አፍንጫው ላይ ዘጋችበት።