የኦሉማ ሪፐብሊክ ከፍተኛ ቦታ

1

ጋቢ።

2

ቀያሹ ጓንጉል መጀመሪያ ሻንጣው ውስጥ የከተተው እሱን ነው። ከዚያ የሱፍ ካፖርት፣ ከዚያ ወፍራም ጫማ። ደባርቅ ተወልዶ ያደገ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ተራራ ሲለካ የኖረ ሰው ነውና፣ የቅጥሩ ደብዳቤ «የኦሉማን ከፍተኛ ቦታ መለካት» ሲለው ሌላ ምን ያስብ? ከፍታ ማለት ብርድ ነው። ይህን የማያውቅ የደባርቅ ሕፃን የለም።

አንባቢ ሆይ፣ አትላስ አታገላብጥ። ኦሉማን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ውቅያኖስ መካከል ነው ያስቀመጥኳት፤ ከፍ አድርጌ ማስቀመጡን ግን ረሳሁት።

3

የኦሉማ መልክዓ ምድር፣ ባጭሩ

ርዝመት፦ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ።
ስፋት፦ ጮክ ብለህ ብትጣራ ከወዲያኛው ዳርቻ «አቤት» ትባላለህ።
ሕዝብ፦ 214። ከጓንጉል ጋር 215።
ወንዝ፦ የለም።
ዳገት፦ የለም።
ቁልቁለት፦ ዳገት ሳይኖር ከየት ይምጣ?
ባሕር፦ አለ። በሁሉም በኩል። አንዳንዴም ከአልጋ ሥር።

4

የስልክ ንግግር፣ ጓንጉልና ባለቤቱ ትርንጎ

ትርንጎ፦ ብርዱ እንዴት ነው?
ጓንጉል፦ ጋቢውን መጋረጃ አድርጌዋለሁ።
ትርንጎ፦ ዳገቱስ? ጉልበትህን አደራ!
ጓንጉል፦ ዳገት የለም።
ትርንጎ፦ እንዴት ዳገት የለም? ታዲያ ሰው መንገድ ሲጠየቅ ምን ብሎ ያመለክታል?
ጓንጉል፦ «ወደ ባሕሩ» ይላሉ።
ትርንጎ፦ ባሕሩ በየት በኩል ነው?
ጓንጉል፦ በሁሉም።
ትርንጎ፦ በል ሥራህ ቀላል ነዋ! ቶሎ ጨርሰህ ና።
(ጓንጉል ስልኩን ዘጋ።)

5

(ይህ ቁጥር ለጊዜው ውሃ ሞልቶበታል። ሲጎድል ይነበባል።)

6

ስልኩን የዘጋበት ምክንያት ይኸውና። ደሴቲቱ ላይ ከባሕር ጠለል ሦስት ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ከተገኘ፣ የቀጠረው ለጋሽ ድርጅት እዚያ ላይ የጎርፍ መጠለያ ይሠራል፤ ሕዝቡም ባገሩ ይኖራል። ካልተገኘ ኦሉማ «ለመኖሪያ የማትበቃ» ትባልና 214ቱም ሰው መርከብ ተሳፍሮ የማያውቀው አገር ይሰፍራል።

ጓንጉል ደግሞ በሳንቲሜትር ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነው። አንድ ጊዜ የአንድ መንደር ተራራ ከጎረቤቱ መንደር ተራራ በአራት ሜትር እንደሚያንስ በአደባባይ ተናግሮ፣ የሚጠጣ ውሃ ተከልክሏል። ጥሙን ቻለው እንጂ ቁጥሩን አልለወጠም።

ሦስት ቀን ለካ። ቤተ ክርስቲያኑ 1.90 ሜትር። ትምህርት ቤቱ 1.74። የሹሙ የሲሜኦ ቤት 1.60። ሹሙ ይህን ሲሰሙ ተቀየሙ። «የአገር ሹም ከትምህርት ቤት ያንሳል?» አሉ።¹

¹ ከደሴቲቱ ሰዎች ጋር ያለው ንግግር ሁሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው የተካሄደው። ያቃናሁት እኔ ነኝ።

7

አርብ ጠዋት ባሕሩ ሞላ። ጓንጉል ሱሪውን ሰብስቦ «ጎርፍ! ጎርፍ!» እያለ ወጣ። የሰማ እንጂ የደነገጠ አልነበረም። ሰዉ ድስቱን አልጋ ላይ ሰቀለ፣ ዶሮውን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ፣ አሳማውን እየነዳ፣ እየተጨዋወተ፣ ወደ አንዲት አሮጊት ግቢ አዘገመ። እማማ ቴሉዋ ይባላሉ። ግቢያቸው ደረቅ ነበር።

«ሁልጊዜም የምንመጣው እዚህ ነው» አሉ ሹሙ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅኸን? አንተ የጠየቅኸው ስለ ተራራ ነው።»

ጓንጉል መሣሪያውን በአሳማዎች መካከል ተከለ። ሁሉም ራቅ አለ። አሳማዎቹ ግን አላሉም።

2.97።

8

ሦስት ሳንቲሜትር።



ስንት እንደሆነ ማወቅ ከፈለግህ፣ እዚህ ላይ የተውኩልህን ባዶ ቦታ ለካው።

5

(ውሃው ጎደለ።)

እማማ ቴሉዋ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ምላሳቸው የሰላ ባልቴት ናቸው። ከጎረቤታቸው ከናሞሪ ጋር «የማን ግቢ ይጸዳል» በሚል አርባ ዓመት ተኳርፈዋል። እናታቸውና ባላቸው የተቀበሩት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ስለ መርከቡ ሲነገራቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሙታኖቻችንንም ይጭናሉ?»



9

የንግግር ቅጂ፣ አርብ ከሰዓት በኋላ

ጓንጉል፦ እማማ፣ ሦስት ሳንቲሜትር ጎደለ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።
ቴሉዋ፦ መቼ ለካህ?
ጓንጉል፦ ዛሬ።
ቴሉዋ፦ አርብ ለት? አርብ ግቢ ይለካል፣ ልጄ? ሳምንቱን ሙሉ ተረግጦ፣ በዚያ ላይ ሕዝብና አሳማ ቆሞበት! ነገ ጠጠር ሲነሰነስ ለካዋ።
ጓንጉል፦ የምን ጠጠር?

ነገሩ እንዲህ ነው። የኦሉማ ሴት ቅዳሜ ቅዳሜ ከባሕር ዳር ነጭ ጠጠር በቅርጫት እያመጣች ግቢዋ ላይ ትነሰንሳለች፤ እሑድ ንጹሕ ሆኖ እንዲገኝ። ሌሎቹ ግቢያቸውን ሲሚንቶ አልብሰው ተገላገሉ። ቴሉዋና ናሞሪ ግን ማን ቀድሞ ይተው! ከነሱ በፊት እናቶቻቸው፣ ከነዚያም በፊት አያቶቻቸው እንዲሁ ሲፎካከሩ ኖረዋል።²

ጓንጉል መሬት ላይ ዘጭ አለ። የአገሪቱ ተራራ የቆመው በእልህ ነው።

² የናሞሪ ግቢ 2.81 ነው። እንዳይነገራቸው።

10

ቅዳሜ።

ቅርጫት ያለው በቅርጫት፣ የሌለው በባልዲ፣ ሹሙ በባርኔጣቸው። ናሞሪም መጡ። «ለአገር ብዬ ነው እንጂ ግቢሽ በልጦኝ አይደለም» አሉና ጠጠራቸውን ዘረገፉ። ቴሉዋ ከአርባ ዓመት በኋላ «እግዜር ይስጥሽ» አሏቸው፤ ግን ዘወር ብለው ነው።

ጓንጉል መጀመሪያ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሞ ነበር። ለኪ ነው፤ ለኪ የሚለካውን አይነካም። ቅርጫቱን ማን እንዳሸከመው እስከ ዛሬ አያውቅም። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰም አልቆጠረም፤ በሕይወቱ ሳይቆጥር የቀረው ይህንን ብቻ ነው።

3.02።

ተጨበጨበ። ተጨፈረ። ሹሙ ባርኔጣቸው ውስጥ ጠጠር መቅረቱን ረስተው አጠለቁት።

11

ያኔ ድርጅቱ የሰጠው ቅጽ የመጨረሻ መስመር ላይ ደረሰ። ከፍታው ተፈጥሯዊ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ? ሰው ሠራሽ ከሆነ አይቆጠርም።

ጓንጉል አሰበ። ደባርቅ ማዶ ያለውን ተራራ እሳተ ገሞራ ቆለለው። ኦሉማን ደቃቃ የባሕር እንስሳት በአጥንታቸው ቆለሏት፤ ቅጹ ላይ ግን «እንስሳ ሠራሽ» የሚል ሳጥን የለም። ይህቺን አንዲት ጉብታ ደግሞ አሮጊቶች ቆለሏት። ሰዎቹን ወዷቸዋል፤ ምን ይደበቃል? ግን ውሸትንም ይፈራል።

«እማማ፣ ይህ ቦታ ድሮ፣ ማንም ሳይነሰንስበት በፊት፣ ምን ያህል ነበር?»

«እኔ ምኑን አውቄ» አሉ ቴሉዋ። «ባሕሩ ያመጣዋል፣ እኛ እናነሳዋለን። ባሕሩ ይወስደዋል፣ እኛ እንመልሰዋለን። የቱ የማን እንደሆነ እሱም አይጠይቀን፣ እኛም አንጠይቀው።»

ሊወስደው የመጣው ጀልባ ጮኸ። 214 ሰው የጓንጉልን እጅ ያያል። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

12

የቦታው ስም፦ የእማማ ቴሉዋ ግቢ
የተለካበት ቀን፦ ቅዳሜ
ከፍታ፦ 3.02 ሜትር
ለኪ፦ ጓንጉል
ዓይነት (አንዱ ላይ ብቻ ምልክት ይደረግ)፦

☐ ተፈጥሯዊ

☐ ሰው ሠራሽ