አሥራ አራተኛው ጥያቄ

ሲስተር ዕፀገነት ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ለሁለት ከፍላ ደረደረቻቸው። በግራ በኩል በአማርኛ የተጠየቁት እናቶች፣ በቀኝ በኩል በሲዳምኛ የተጠየቁት። ቢሮአችን ባህል አዳራሽ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ከታች የባጃጅ ጥሩምባ አያስቀምጥም።

«ኢዮስያስ፣ ና እስቲ። አሥራ አራትን አንብብልኝ።»

አነበብኩላት። «ከአምስት ዓመት በታች ሆነው የሞቱብዎ ልጆች አሉ? ካሉ ስንት?»

«ጎሽ። በግራ ሠላሳ አንድ እናቶች አሉ። ዘጠኙ ‹አዎ› ብለዋል። በቀኝ አርባ ናቸው። ስንቱ ‹አዎ› አሉ?»

መቁጠር አላስፈለገኝም። «ዜሮ።»

«ዜሮ!» እስክሪብቶዋን ወረወረችው። «አንተ፣ ሲዳምኛ የሚናገር ሰው ልጅ አይሞትበትም? ንገረኝና እኔም ቋንቋውን ልማር!»

ሥራችን እንዲህ ነው። ከከተማው ወጣ ባለችው ቡሹሎ ውስጥ ሕፃን ያላቸውን እናቶች ቤት ለቤት እየዞርን እንጠይቃለን፤ ከዚያ በየወሩ እየተመለስን ሕፃኑን እንመዝናለን። ሲስተር ነርስ ናት፤ የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆነች ሲዳምኛ አታውቅም። አማርኛ የሚቀናቸውን እናቶች ራሷ ትጠይቃለች። ሲዳምኛ የሚቀናቸው ቤት ስንደርስ እሷ ከወረቀቱ ታነባለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ መልሱን መልሼ በአማርኛ እነግራታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ስንት ወር ደመና ሳይ ከርሜ ያገኘሁት ሥራ ነው። ሁለቱን ቋንቋ ከልጅነቴ ስለማውቅ ነው የተቀጠርኩት።

አሁን እውነቱን መናገር ነበረብኝ።

እኛ ቤት ሕፃን ያቀፈች ሴት ፊት የሞተ ልጅ አይነሳም። ከእኔ በፊት የተወለደ ወንድም እንደነበረኝ እንኳ ያወቅሁት ከጎረቤት ነው፤ እናቴ አንድ ቀን ስሙን ጠርታ አታውቅም። እኔ ደግሞ ያላገባሁ ወጣት ነኝ። የምታጠባን እናት ቁጭ ብዬ «የሞተብሽ አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ? ሲስተር አሥራ አራትን ስታነብ እኔ በሲዳምኛ «ልጆችሽ ሁሉም ደህና ናቸው?» እላለሁ። እናትየው «እግዜር ይመስገን» ትላለች። ወደ ሲስተር እዞርና «የለም ትላለች» እላለሁ። አርባ ጊዜ። ውሸት መሆኑ ታስቦኝ አያውቅም፤ ይሉኝታ ይመስለኝ ነበር።

ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ቁጭ አለችና ወረቀቶቹን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«አምስት ወር» አለች በመጨረሻ። «አምስት ወር ሙሉ አጠገብህ ተቀምጬ የራስህን መልስ ስጽፍ ነበር ማለት ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ሲስተር፣ እርስዎ…»

«እርስዎ አትበለኝ፣ አሮጊት አደረግከኝ እኮ። ተነስ። ከመጀመሪያው ቤት እንጀምራለን። አሁኑኑ።»

ሁልጊዜ የሚያመላልሰን ባለባጃጁ ሱሌይማን ፊታችንን አይቶ «ምነው፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የምትሄዱት?» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

የመጀመሪያው ቤት የታቢታ ነው። ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ሴት ናት። እንሰቱ ሥር ሳፋ አስቀምጣ ልብስ ታጥባለች። የስድስት ወር ልጇ ሮሆቦት አብራት አልነበረችም። አማቷ ይዛት ወጥታ ይሆናል ብዬ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ክንዷ ባዶ ከሆነ መጠየቁ ይቀለኛል።

ሲስተር አነበበች። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄውን እንደተጻፈው አድርጌ በሲዳምኛ ጠየቅሁ።

የታቢታ እጅ አረፋው ውስጥ ቆመ።

«ሁለት» አለች። «ወንድ ነው መጀመሪያ። ከዚያ ሴት።»

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ለምን ዛሬ? በየወሩ ትመጣለህ። ሚዛን ላይ ታወጣታለህ፣ ክንዷን ትለካለህ፣ ‹ደህና ናቸው ወይ› ትለኛለህ። እኔ ይቺ ነርስ ስለሞቱት መስማት አትፈልግም ብዬ ዝም አልኩ።»

ይህንን ስተረጉም ሲስተር አንገቷን ደፋች። «እንዴት እንደሞቱ ጠይቃት» አለችኝ። «ቀስ ብለህ።»

ታቢታ ልብሱን እየጨመቀች ነገረችን። ሁለቱንም ተቅማጥ ያዛቸው። የልጅ ተቅማጥ የሚመጣው ከግግ ነው ተባለ፤ ድድ ሥር ካለው፣ ገና ካልበቀለው የወተት ጥርስ። ግጉን የምታወጣ ሴት ጋ ተወሰዱና ድዳቸው ተፈልቅቆ ወጣላቸው። ከዚያ በኋላ ጡት አልያዝ አላቸው። ወንዱ በሦስተኛው ቀን፣ ሴቷ በአራተኛው።

«ዘግይተን ስለወሰድናቸው ነው» አለች። «አማቴ እንደዚያ ነው የምትለው። በጊዜ ቢወጣላቸው ይተርፉ ነበር ትላለች።»

ሲስተር ብድግ አለች። «ሮሆቦት የት ናት?»

ይህን ጥያቄ መተርጎም አላስፈለገም፤ ታቢታ የልጇን ስም ሰምታለች። «ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጣታል» አለች። «ለዚህኛዋ እንዳንዘገይ ብላ አማቴ ጠዋት ይዛት ሄደች።»

«የት?» አልኳት።

«ያው ሴትዮዋ ጋ ነዋ።»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

የማሾፍባት መስሏት ፈገግ አለች። «አንተ ትጠይቀኛለህ? እማማ ሙሉጌጥ ናቸዋ። አንተ እሳቸው ግቢ አይደለም የምትኖረው? አማቴ እኮ ‹የጤናው ልጅ ራሱ እዚያ ነው የሚኖረው፣ ክፉ ነገር ቢሆን ይናገር አልነበር?› ነው ያለችኝ።»

«ምን አለች?» አለችኝ ሲስተር። «ኢዮስያስ! ምን አለች?»

አፌ ውስጥ አማርኛም ሲዳምኛም አልነበረም።

ሱሌይማን ባጃጁን እስከ ግቢያችን እንዴት እንደነዳው አላስታውስም። ታቢታ እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና እንደሆነ ከሲስተር ጋር ከኋላ ተቀምጣለች፤ እኔ ከሹፌሩ ጎን ተለጥፌያለሁ። ጭቃው ጎማውን ሲይዘው ወርደን ገፋን።

እማማ ሙሉጌጥ አከራዬ ናቸው። የልጃቸው የአምሳሉ ክፍል ውስጥ ነው የምኖረው፤ እሱ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ሲያመኝ አጥሚት ሠርተው የሚያመጡልኝ፣ የታጠበ ልብሴ ገመድ ላይ ዝናብ እንዳይመታው የሚያስገቡልኝ እሳቸው ናቸው። በጓሮ በር ሕፃን ያዘሉ ሴቶች ሲገቡ ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። ጸሎተኛ ናቸው፣ ይባርኩላቸዋል ብዬ ነበር የማስበው። ከጓሮ ልጅ ሲያለቅስ ምን አደርግ እንደነበር ባጃጁ ላይ ሆኜ ትዝ አለኝ። ኢርፎኔን ጆሮዬ ውስጥ እሰካ ነበር።

በጓሮ በር ገባን። አቮካዶው ሥር ሁለት ሴቶች ሕፃን ታቅፈው አግዳሚ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። የታቢታ አማት ዱካ ላይ ተቀምጣ የሮሆቦትን ራስ በሁለት ጉልበቷ መሐል ይዛለች። እማማ ሙሉጌጥ ንጹሕ ነጠላቸውን ወደ ኋላ አስረው ጎንበስ ብለዋል። በእጃቸው ጫፉ የተሳለ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ይዘዋል።

ቀና ብለው አዩኝና ፊታቸው በራ። «ኢዮስያስ! ዛሬ በጊዜ መጣህ? ቁርስ በልተሃል?»

የሮሆቦት አገጭ በደም ርሷል። ከአጠገባቸው ባለች የሻይ ማስቀመጫ ሳህን ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ ሁለት ነጭ ነገሮች ነበሩ። ትኩር ብዬ አየኋቸው። ጥርስ መሆናቸው እስኪገባኝ ድረስ ጊዜ ወሰደብኝ።

ታቢታ ልጇን ነጠቀች።

«ምነው! የላዩ ቀርቷል እኮ!» ብላ ጮኸች አማቷ ከዱካው ተነስታ።

ሲስተር ፋሻ ከቦርሳዋ አውጥታ የሕፃኗን ድድ ጫን አድርጋ ያዘች፤ ከታቢታ ጋር እየሮጡ ወጡ። ባጃጁ ወደ ጤና ጣቢያው ሲፈተለክ ሰማሁት። እኔ ጓሮው መሐል ቀረሁ።

«ምን ሆናችኋል?» አሉ እማማ ሙሉጌጥ። «ምን ነካት ያቺ ልጅ?»

ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። «እማማ፣ የሞቱብዎ ልጆች አሉ? ስንት?»

ደነገጡ። ሽቦውን አጠገባቸው ካለው የጣሳ ውኃ ውስጥ አስቀመጡት። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ። «አራት ናቸው። ለአራቱም አላስወጣሁላቸውም። አምስተኛው አምሳሉ ነው፤ ለእሱ አስወጣሁለት፣ ይኸው እንደ ዋርካ ሆነ። ለዚህ ነው የተማርኩት ልጄ። የሰው ልጅ እንዳይሞት ብዬ።»

«የታቢታ ሁለቱ ግን ሞተዋል።»

«የትኞቹ ሁለት?»

«እርስዎ ያወጡላቸው። ወንዱ በወጣለት በሦስተኛው ቀን፣ ሴቷ በአራተኛው።»

ወደ ታቢታ አማት ዞሩ። «ውሸት ነው አይደል? ያ ጸጉራሙ ወንድ? ገበያ ስንገናኝ ‹ልጁ እንዴት ነው?› ስልሽ ‹እግዜር ይመስገን› አላልሽኝም?»

አማትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠመጠመች። «ምን ልበልዎ ታዲያ?» አለች በተሰባበረ አማርኛ። «ሞተ ይባላል እንዴ?»

እኔ ለአምስት ወር የሰማሁትን መልስ ነበር እሳቸው ስንት ዓመት ሲሰሙ የኖሩት። እግዜር ይመስገን። ሁላችንም በዚያች ቃል ላይ ተኝተን ነበር።

እማማ ሙሉጌጥ ወደ አግዳሚው አዩ። «እናንተስ? ከዚህ በፊት ያመጣችኋቸው?» አሉ። አንደኛዋ ሴት ሕፃኗን አዝላ በጓሮ በር ወጣች። ሁለተኛዋ ተከተለቻት። እሳቸው ግድግዳውን ይዘው ዱካው ላይ ተቀመጡ።

«ስንት ናቸው?» አሉኝ። «አንተ ቤት ለቤት ትዞር የለም? ንገረኝ፣ ስንት?»

«አላውቅም እማማ» አልኳቸው። «አልጠየቅኩም።»

ሮሆቦት ጤና ጣቢያው ውስጥ አምስት ቀን ተኛች። ሁለተኛው ቀን ላይ ትኩሳቷ አልወርድ ብሎ ታቢታ ግድግዳው ላይ ግንባሯን አስደግፋ ቆማ ዋለች፤ እኔም ኮሪደሩ ላይ። በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሲስተር በር ላይ ብቅ አለችና «ጡት ያዘች» አለችኝ። ይህን ብቻ ብላ ተመልሳ ገባች። የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ እንጂ አላለቀስኩም።

በማግስቱ ከሁለተኛው ቤት ቀጠልን። እስከ ዛሬ ሃያ ሁለት ቤት ደርሰናል። ሰባት እናቶች «አዎ» ብለዋል። ልጆቹ አሥር ናቸው፤ ስድስቱ ከመሞታቸው በፊት ግግ ወጥቶላቸዋል። አንድም እናት «ለምን ጠየቅከኝ» ብላ አልተቆጣችኝም። አንዷ እንዲያውም እጄን ይዛ አልለቅም አለችኝ። አሥራ ስምንት ቤት ይቀረናል።

ቤቱን አልለቀቅኩም። ሲስተር «እንዴት እዚያ ትተኛለህ?» ትለኛለች። የጓሮው በር ተቆልፏል። የሚያንኳኳ ሲመጣ እማማ ሙሉጌጥ ራሳቸው «ጤና ጣቢያ ውሰጂው» ብለው ይመልሳሉ። ከሥራ ስገባ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ቁርስም እራትም አይጠይቁኝም አሁን።

«ዛሬስ?» ይላሉ።

እነግራቸዋለሁ። ትናንት «ሁለት» አልኳቸው። «ስማቸው ማን ይባላል?» አሉኝ።

«ወረቀቱ ስም አይጠይቅም እማማ። ቁጥር ብቻ ነው።»

«ጠይቃቸው» አሉ።

ዛሬ ጠዋት ከአሥራ አራተኛው ጥያቄ ጎን፣ ባዶው ጠርዝ ላይ፣ ለስም የሚሆን መስመር በእርሳስ አሰመርኩ። ሲስተር አየችኝ። የእርሳስ መቅረጫዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ።