የላላው ጠረጴዛ

ስሜ ጽናት ነው፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረብኝም። ባሌ ያዕቆብ ይህን ያወቀው ገና ሳንጋባ፣ ቴክኒክ ትምህርት ቤት አንድ ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ተመድበን ስንሠራ ነው። እያወቀ ነው ያገባኝ፣ ስለዚህ ማንንም ሊወቅስ አይችልም። አሁን ኮምቦልቻ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለች ጠባብ ቤት ተከራይተን አብረን እንሠራለን። የወፍጮ ዘንግ፣ የውሃ ፓምፕ ዕቃ፣ የባጃጅ ጥርስ፣ የማንሠራው የለም። ያሉን ማሽኖች አንድ ቶርኖና በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የምትቆርጥ አንዲት ትንሽ ሚሊንግ ናቸው።

ሚሊንጓ ከታመመች ቆየች። የሚቆረጠው ብረት የሚታሰርበት ጠረጴዛ ሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። በጠረጴዛውና በሐዲዱ መሃል ደግሞ ጊብ የምንላት ቀጭን ብረት አለች፤ ከጎን በኩል የተደረደሩት ብሎኖች እሷን እየገፉ ጠረጴዛው ሳይወዛወዝ እንዲሄድ ያደርጋሉ። የእኛዋ ጊብ ከለስላሳ ብረት የተሠራች ስለሆነች ብሎኖቹ አጎድጉደዋታል፣ ሐዲዱም መሃሉ ላይ ተበልቷል። ብናጠብቀው ዳርና ዳር ላይ ይነክሳል፣ ብናላላው መሃል ላይ ይዘላል። መቁረጫው በተሰበረ ቁጥር እኔ እጮኻለሁ፣ ያዕቆብ ደግሞ ነገ አስተካክለዋለሁ ይላል።

ነገ ነገ ሲል የከረመው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ይህን ሥራ የሚሠራው ጣት ነው፣ የያዕቆብ ጣቶች ደግሞ ደንዝዘዋል። አንድ ቀን የጋለ ፍቅፋቂ ጣቱ ላይ ተለጥፎ ሥራውን ቀጠለ፤ ቆዳው ሲቃጠል የሸተተው እኔን ነው፣ እሱ ዞር ብሎ ምን ተቃጠለ አለኝ። ከእጅ አንጓው በላይም ነጣ ያለ፣ ላብ የማያወጣ ቦታ ወጥቶበታል። የሥጋ ደዌ ወደሚታከምበት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እንሂድ አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። በእኛ አገር ለቆዳው ቦሩ ሜዳ ሄደ የተባለን ሰው ጎረቤት ዳግመኛ እንዴት እንደሚያየው ሁለታችንም እናውቃለን። ድካም ነው አለ፣ ነርቭ ነው አለ።

ቤተ ክርስቲያናችን ደሴ ነው። የያዕቆብ ቤተሰቦች እዚያ ስላሉ እሑድ እሑድ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ እንወጣለን። አንድ እሑድ ጋሽ ዓለማየሁ፣ ያዕቆብን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁት ሽማግሌ፣ እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። እኔም አብሬ ጸለይሁ፣ አለቀስሁም። ጸሎቱ እንዳበቃ አንዱ ማይክሮፎን አቀበለው። እኛ ዘንድ ማይክሮፎን የያዘ ሰው ትንሽ ይሻለኛል፣ እስቲ እናያለን ብሎ አይቀመጥም። እንዲያ ብሎ የተቀመጠ እስከ ዛሬ አላየሁም። ሕዝቡ ዓይኑን ጥሎበታል፣ ኪቦርዱ ከኋላ ቀስ እያለ ይጫወታል። ያዕቆብ ጣቶቹን ዘረጋ፣ አጠፈ፤ ሙቀት ተሰማኝ፣ ጣቶቼ ተመልሰዋል ብሎ መሰከረ። እልልታው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። መቼም የተሰማው ነገር ይኖራል፤ ሰው ውስጥ ገብቼ አላይም። ግን ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ የሚኒባሱ በር ጣቱን ሲቆነጥጠው አይቻለሁ። ዘወርም አላለም።

ማግስቱን ከእኔ ቀድሞ ሱቅ ገባ። ስደርስ የሚሊንጓን ጠረጴዛ አውርዶ ሐዲዱን በናፍጣ እያጠበ ነበር። የመሰከረ ሰው ሥራውን ማሳየት አለበት አለኝ እየሳቀ። የድሮዋን ጊብ ጣላትና ከነሐስ አዲስ ቆርጦ ሠራ። ሰማያዊ ቀለም ሐዲዱ ላይ በስሱ ቀብቶ ያገጣጥማል፣ ቀለሙ የነካበትን ጉብታ በመፋቂያ ይፍቃል፣ ደግሞ ይቀባል። ይህ የዓይን ሥራ ነው፣ ዓይኑም ደህና ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሲፍቅ ሳየው እውነትም ድኖ ይሆን ብዬ ልቤ ተንሳፈፈ። ደስ ብሎኝ ሻዩን እንኳ እኔ ነኝ የቀዳሁለት፣ የማላደርገውን።

ያስቸገረው በነጋታው የጀመረው ማስተካከል ነው። ብሎኖቹን ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ ታጠብቃለህ፤ ከዚያ አንድ ጣትህን ጠረጴዛውና ሐዲዱ የሚጋጠሙበት መስመር ላይ አሳርፈህ በሌላው እጅህ ጠረጴዛውን ትገፋለህ። ክፍተት ካለ ጣትህ ሥር ቀጭ ትላለች። ጣት ከማንም መለኪያ ቀድማ ነው የምታውቀው። ያዕቆብ ጣቱን አሳርፎ ገፋና ድንጋይ ሆኗል፣ አይነቃነቅም አለ። እኔም አሳረፍሁ። መሃል ላይ ቀጭ አለችብኝ።

አለ አልኩት፣ የለም አለኝ። ሐዲዱ መሃሉ የተበላ ስለሆነ እዚያ ላይ ጥቂት መላላቱ አይቀርም፣ ከዚህ በላይ ብናጠብቀው ዳሩ ይነክሳል ብሎ አስረዳኝ። የተናገረው ትክክል ነው፣ ያናደደኝም ይኸው ነው። ጥፋቱ የማሽኗ ነው ወይስ የባሌ ጣት? መለየት አልቻልሁም። እሱ ደግሞ ከምስክርነቱ ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኗል፤ ስለ ጣቱ ባነሳሁ ቁጥር እምነት የጎደለኝ አስመስሎ ያየኛል።

ጭቅጭቃችንን የሰማው የጎረቤት በያጅ የሱፍ ነው። ከያዕቆብ ጋር ሲቀላለዱ የሚውሉ ናቸው፤ በረመዳን ያዕቆብ ተደብቆ ምሳ ሲበላ የሱፍ ይይዘዋል፣ እኛ ጾም ጸሎት ስንይዝ ደግሞ የሱፍ ሲበላ ያዕቆብ ይይዘዋል። ያን ቀን ግን አልቀለደም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በር ላይ ቆመ።

«ያዕቆብ፣ እኛም ዱዓ እናስደርጋለን» አለ። «አሚን ብለን ስንነሳ ግን ኪኒናችንን እንውጣለን። ወላሂ፣ ሐኪሙንም የፈጠረው አላህ ነው።»

ያዕቆብ አመሰገነውና ሥራዬን ልጨርስ አለው። የሱፍ እኔን አይቶ ትከሻውን ሰበቀና ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ያዕቆብ ግሪስ ሊገዛ ወጣ። መፍቻ አነሳሁና ብሎኖቹን የሚያስሩትን ዳዶዎች ፈታሁ፣ ብሎኖቹን ሁሉ ወደ ኋላ መለስሁ። ጠረጴዛው ለማንም ጀማሪ በሚያስታውቅ መጠን ተንገዳገደ። ዳዶዎቹን መልሼ አሰርሁና ወደ ቶርኖዬ ዞርሁ። እንዲህ በማድረጌ አልጸጸትም። ሰውን የሚወድ ሰው አንዳንዴ ክፉ ሥራ መሥራት አለበት።

ተመልሶ ግሪሱን አስቀመጠ፣ እጁን ጠረገ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳርፎ ገፋ። ደግሞ ገፋ። ከዚያ ፊቱ በራ።

«አየሽ፣ አሁንማ ልክ ገባ» አለኝ። «ተመስገን።»

ቶርኖውን አጠፋሁ። የዘይት ማጠጫውን አንስቼ ጣቱ ያለበት መስመር ላይ ዘይት አፈሰስሁ። ከዚያ ጠረጴዛውን ገፋሁት። ዘይቱ በክፍተቱ ወደ ውስጥ ተሳበ። ለቀቅሁት፣ ዘይቱ አረፋ ሠርቶ ወጣ። ገፋሁት፣ ገባ፤ ለቀቅሁት፣ ወጣ። ያዕቆብ ዘይቱን አየ፣ ጣቱን አየ። ጣቱ አሁንም እዚያው ነበር፣ ከሥሩ ጠረጴዛው እየሄደ እየመጣ።

በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። ያሸነፍሁ መስሎኝ ነበር፤ የዘይት ማጠጫውን ግን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

«መስክሬያለሁ እኮ፣ ጽናት» አለኝ። «በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት። አሁን ምን ልበል፣ ጌታ መልሶ ወሰደው ልበል?»

«ጌታን ተወው» አልኩት። «የቸኮልኸው አንተ ነህ። የሌለውን አለ ያልኸው አንተ ነህ፣ የለም ማለትም ያንተ ፋንታ ነው። እኔ ውሸት ላይ የቆመ ቤት ውስጥ አልኖርም።»

ጨካኝ ንግግር ነበር፣ እንዲያውም ከዚህ የባሰ ተናግሬ ይሆናል። እሱ ግን ቀና ብሎ ሰኞ ቦሩ ሜዳ እሄዳለሁ፣ ከዚያ በፊት ግን እሑድ እነግራቸዋለሁ አለ። ሆስፒታሉ ይቅደም ብዬ ለመንሁት። እንቢ አለ። ተደብቄ አልታከምም አለ፣ ያንን ቃል ስሰማ ተመልሼ ወደድሁት።

እሑድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እጁን አወጣ። ማይክሮፎኑን የሰጡት ሌላ ተአምር ሊሰሙ ነው፤ ኪቦርዱም ጀምሮ ነበር። ያዕቆብ ኪቦርዱ እንዲቆም ለመነ። ያን ጊዜ ድኛለሁ ያልሁት እንድድን ስለ ጓጓሁ ነው፣ ጣቶቼ አልተመለሱም፣ ነገ ቦሩ ሜዳ እሄዳለሁ፣ ጸልዩልኝ አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። አሜን ያለ አልነበረም። ቦሩ ሜዳ የሚለው ስም ከወንበር ወንበር ሲሄድ ይታየኝ ነበር። መዘምራኑ ሰዓታቸው ሳይደርስ ተነሥተው መዘመር ጀመሩ።

ስንወጣ እንደ ልማዳችን ሰው በሩ ላይ ይጨባበጣል። ወደ እኛ የመጣ ግን አልነበረም። አንዱ ስልኩን አወጣ፣ ሌላዋ ልጇን መፈለግ ጀመረች። በመጨረሻ ጋሽ ዓለማየሁ ሰዉን ሰንጥቀው መጡ። እግዚአብሔር ይርዳህ ልጄ አሉና እጃቸውን ዘረጉ። የያዕቆብን እጅ በሁለት ጣታቸው ጫፍ፣ ትኩስ ድንች እንደሚያነሳ ሰው ነክተው ለቀቁ። ወዲያው መዳፋቸውን ኮታቸው ላይ ጠረጉ።

ያዕቆብ አላየም። የምታከብረው ሰው ሲጨብጥህ ዓይንህን እጅህ ላይ አትተክልም፤ እሱም ቀና ብሎ ፊታቸውን ነበር የሚያየው። ሲሄዱ ወደ እኔ ዞረ።

«ጨበጡኝ አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«ደህና አድርገው?»

«ደህና አድርገው» አልኩት። «አጥብቀው።»

ፈገግ አለ። ከዚህ በላይ እንዳይጠይቀኝ ክንዱን ከክርኑ ከፍ አድርጌ፣ ገና ስሜት ካለበት ቦታ ላይ ያዝሁትና ወደ መናኸሪያው ወረድን።