ያልተሞከረው መስመር

ሦስተኛውን ዲስክ ለማውጣት መቆለፊያውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ መሳብ ግን አቃታት።

ቀድማ ያወጣቻቸው ሁለት ዲስኮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል። በምትካቸው ያስገባቻቸው አዲሶቹ ገና እየተሞሉ ነው፤ ከንጋት ጀምሮ ከአሥር በመቶ ፈቀቅ አላሉም። የሆስፒታሉ የመረጃ ማከማቻ ሁለት ዲስክ ቢጎድልበት ይቋቋመዋል። ሦስተኛ ከጎደለ ግን የጨረር ሕክምና ክፍሉ ፋይሎች፣ ለየትኛው ታካሚ ከየት አቅጣጫ ምን ያህል ጨረር እንደሚሰጥ የሚናገሩት ሁሉ፣ ድራሻቸው ይጠፋል። መጠባበቂያ ቅጂ አለ ይባላል። ነገር ግን ቅጂው ለመጨረሻ ጊዜ ከተሳካ አሥራ አንድ ቀን አልፎታል።

የሆስፒታሉ ሰዎች ወይዘሮ ዲስክ ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አንድ ቀልደኛ የራጅ ባለሙያ ነው፤ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ኋላ ለመደችው። ዛሬ ግን ስሟ ራሱ የሚያሾፍባት መሰላት።

ስክሪኑ ላይ አንድ ዓይነት ቀይ ጽሑፍ ይደረደራል። ትእዛዝ ተልኳል፤ ሠላሳ ሴኮንድ ተጠብቆ መልስ አልመጣም፤ ትእዛዙ እንደገና ተልኳል። ከሥሩ ደግሞ የዲስክ ስህተት። መጀመሪያ ዲስክ አራት፣ ቀጥሎ ዲስክ ዘጠኝ፣ አሁን ዲስክ ሁለት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ ጋሼ ሽቦ ከካቢኔው ጀርባ። የሆስፒታሉን ኬብል ሁሉ የዘረጉት እሳቸው ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር ቀርቷቸዋል። «እነዚህ ዲስኮች የተገዙት አንድ ላይ ነው?»

«አይደለም ጋሼ። ዘጠኝ ቁጥር ካቻምና የገባ ነው። ሁለት ቁጥር ገና ሦስት ወሩ ነው።»

«ታዲያ ተማክረው ነው በአንድ ጠዋት የሚሞቱት?»

መቆለፊያውን ለቀቀችው። ወደ ስክሪኑ ተመልሳ ከንጋት ጀምሮ የተጻፈውን እንደገና አነበበች፤ አሁን የምትመለከተው የዲስኩን ቁጥር ሳይሆን ከፊቱ ያለውን ነበር። ከሰርቨሩ ወደ ማከማቻው ሁለት መስመር ይሄዳል፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው ተብሎ። አራትም ሲከሰስ፣ ዘጠኝም ሲከሰስ፣ ሁለትም ሲከሰስ ክሱ የመጣው በመስመር አንድ ብቻ ነው። ክው አለች። ጠረጴዛው ላይ የተኙት ዲስኮች ጤነኞች ናቸው። በገዛ እጇ ጤነኛ ዲስክ ስትነቅል ነው ያረፈደችው።

«ጋሼ፣ መስመር አንድን ይዩልኝ።»

ጋሼ ሽቦ የእጅ ባትሪያቸውን አብርተው ኬብሉን እስከ ጥጉ ተከተሉት። ሲናገሩ ድምፃቸው ወርዶ ነበር።

«ነይ እዪው። አንቄዋለሁ።»

ባለፈው ወር እንግዶች ሊጎበኙ ሲመጡ «ይህን የሽቦ ጫካ አሳምሩልኝ» ተብለው ነበር። አሳመሩት። በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥርቅም አድርገው አሰሩት፤ ቀጭኑ የፋይበር ኬብልም ካቢኔው ጥግ ላይ እጥፍ ብሎ ቀረ።

«ውስጡ መስታወት መሆኑን እያወቅሁ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ስሠራ! ለፎቶ ብዬ።»

ጨርሶ ተሰብሮ ቢሆን ሰርቨሩ ራሱ ወደ መስመር ሁለት ይዞር ነበር። ግማሽ ሞቶ ግማሽ ስለሚተነፍስ ግን ሰርቨሩ ተስፋ አይቆርጥበትም፤ ይልካል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይልካል።

ስልኩ ጮኸ። የጨረር ክፍሉ ነርስ ናት።

«እህቴ፣ ሰው አልጋ ላይ አስተኝቻለሁ፤ ማሽኑ ጠብቂ ይለኛል። ሠላሳ አንድ ሰው ነው ያለኝ ዛሬ። ምን ልበላቸው?»

«ትንሽ ታገሺኝ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ትንሽ ታገሺኝ እያልሽኝ ነው እኮ።»

ስልኩን ሳታስቀምጥ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር በሩን ገፍቶ ገባ። የደረሱበትን በአጭሩ ነገረችው። ፊቱ ፈካ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? የተበላሸውን ንቀሉትና በሁለተኛው ይሂዳ!»

እሷ ወደ መስመር ሁለት ኬብል ተመለከተች። እሱ ግን ከመደርደሪያው ላይ ወርኃዊ ፍተሻ የሚፈረምበትን ሰማያዊ ፋይል አውርዶ ያገላብጥ ጀመር።

«ይኸው፤ መስመር ሁለት ተሞክሯል፣ ይሠራል። በየወሩ። ፊርማሽ አይደለም?»

ፊርማዋ ነው። አሥራ ሁለት ወረቀት፣ አሥራ ሁለት ፊርማ። መስመር ሁለትን ለመሞከር ሥራ ለአንድ ሰዓት መቆም አለበት። በመጀመሪያው ወር ፈቃድ ጠየቀች፤ «ሰው በሕመም እየተሰቃየ?» ተባለች። የወረቀቱን ክፍት ቦታ ባዶ መተው ስለከበዳት ፈረመች። በሁለተኛው ወር ጠየቀች፤ ያው ሆነ፤ ፈረመች። ከሦስተኛው ጀምሮ መጠየቁንም ተወችው። እጇ ለመደና ፊርማዋ ከወር ወር እያማረ መጣ።

የመስመር ሁለት መብራት አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ግን ኬብሉ መሰካቱን እንጂ ጭነት መቻሉን አይናገርም። ቢችል በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ነገር ይስተካከላል፤ ማንም ምንም ሳያውቅ ታልፋለች። ባይችል ግን ሁለቱ አዲስ ዲስኮች ተሞልተው ሳያልቁ፣ ሰርቨሩም እየጻፈ ሳለ፣ ሁለቱም መስመሮች ይቋረጣሉ። የዚያን ጊዜ የሚጠፋው የሠላሳ አንዱ ሰው ሕክምና ብቻ አይደለም፤ የሁሉም ነው። ሌላው መንገድ ሕክምናውን በሙሉ አቁሞ፣ የተጀመረው ጽሕፈት እስኪያልቅ ጠብቆ፣ ሰርቨሩን አጥፍቶ ኬብሉን መቀየር ነው። ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ለዚያ ደግሞ ምክንያት መናገር ያስፈልጋል።

ፈራች። እውነቱን ለመናገር ከታካሚዎቹ በፊት ትዝ ያሏት ልጆቿ ናቸው፤ አባታቸው ከሞተ ወዲህ ቤቱ የቆመው በዚህች ሥራ ነው። ሥራዋን ስታጣ፣ ለእናቷ ስትናገር፣ እናቷ ዝም ብለው ሲያይዋት ታያት።

«ይንቀሉት ጋሼ» አለ ዳይሬክተሩ።

ጋሼ ሽቦ ጣታቸውን ሶኬቱ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ቀና ብለው እሷን አዩ። የዘረጉት እሳቸው ስለሆኑ መስመሩ ቢሞከር መጠራታቸው አይቀርም ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልተጠሩም።

«አይንቀሉት» አለች።

«ለምን?» አለ ዳይሬክተሩ።

«አልሞከርሁትም።»

«የቱን ወር?»

«አንዱንም። የፈረምሁት ዝም ብዬ ነው።»

ዳይሬክተሩ ፋይሉን ቀስ ብሎ ከደነው።

«ይሄንን ባልሰማ ይሻለኝ ነበር። ሊሠራ ይችላል እኮ።»

«ሊሠራ ይችላል። ግን አላውቅም። ማንም አያውቅም። ሕክምናውን ያስቁሙልኝና በሥርዓት እናጥፋው።»

ዳይሬክተሩ ግንባሩን አሻሸ። ፈቃድ የከለከለው እሱ መሆኑ ትዝ ይበለው አይበለው ከፊቱ ማንበብ አልቻለችም።

«እሺ፤ ይቁም» አለ በመጨረሻ። «የአንቺን ጉዳይ ነገ እናየዋለን። አሁን ማስታወቂያ ጻፊና በሩ ላይ ለጥፊ። በኔትወርክ ችግር ምክንያት በይ፤ ሰዉ ለምዶታል።»

ነርሷ አልጋ ላይ ያለውን ሰው እንድታስነሳ በስልክ ነገረቻት። ከዚያ ወረቀትና ወፍራም እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። «በኔትወርክ» ብላ ጻፈች። ጋሼ ሽቦ አጠገቧ ቆመው ያያሉ።

«ማሰሪያውንም ጨምሪበት» አሉ። «የእኔንም እጅ።»

ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ወጣች።

የመጠበቂያ ክፍሉ ወንበሮች ሁሉ ተይዘዋል። ሰዎቹ የያዙትን ካርድ እያገላበጡ የሕክምና ክፍሉን በር ያያሉ። በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ አዛውንት የአንገት ሹራባቸውን እያስተካከሉ ቀና አሉ። አንገታቸው ላይ ጨረሩ የሚያርፍበት ቦታ በሰማያዊ ቀለም ተሰምሮበታል።

«ተራችን ደረሰ ልጄ?»

«አልደረሰም አባባ። ዛሬ ሕክምና የለም።»

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አዛውንቱ ነገሩ የገባቸው መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኔትወርክ ነው አይደል?»

«አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ።»