ሁለተኛው ፍሬን

“አሁን? ልገባ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረኝ?” አለች አሠልጣኟ፣ ስልኩን ካንዱ ጆሮዋ ወደ ሌላው እያዛወረች።

ጓደኛዋ ይቅርታ ላይ ይቅርታ ትደርባለች። አለቃዋ ሠራተኛ ጎደለብኝ ብሎ ፈቃዷን ሰርዞባታል። ስልኩ ሲዘጋ አሠልጣኟ የብስኩት ቁራሽ የሞላበትን የወገብ ቦርሳ እንደታጠቀች ፈተና ጣቢያው በር ላይ ደርቃ ቀረች።

የውሻ አሠልጣኞች የሙያ ብቃት ፈተና ሁለት ክፍል አለው። የጽሑፉን ባለፈው ወር ዘጠና ሁለት አምጥታ አልፋለች። የዛሬው የተግባር ነው፤ እሱ ደግሞ ጉደኛ ነው። ተፈታኟ የውሻ ገመድ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ይዛ ትመጣለች፤ ከጣቢያው አንድ ውሻ ይሰጣታል። ከዚያ ያ ሰው ገመዱን ሳያስወጥር ውሻውን ግቢውን አሻግሮ እንዲመልስ በአሥር ደቂቃ ታስተምረዋለች፣ በአፏ ብቻ። እጇ ገመዱን ከነካ ወደቀች ማለት ነው። አምና የጣላትም ይኸው ነበር፤ ውሻው ሲጎትት እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ሄደ። ዘንድሮ ካለፈች ሰፈሯ ያለው የእንስሳት ክሊኒክ የጓሮ ግቢውን ለማሠልጠኛ ሊሰጣት ቃል ገብቷል። ከወደቀች ግቢውን ለመውሰድ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ።

ዞር ስትል አባቷን አየችው። ሊያደርሳት መጥቶ የመኪናውን መስታወት በመሐረብ ይወለውላል። ጡረታ የወጣ የመንጃ አስተማሪ ነው፤ የከተማውን ግማሽ መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ ይላል፣ ብዙም አላጋነነም። እስካሁን የሚነዳው ያችኑ የማስተማሪያ መኪና ነው፤ ከሾፌሩ ጎን ባለው መቀመጫ እግር ሥር የአስተማሪው ሁለተኛ ፍሬን ያላትን። ልጁ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ስድስት ዓመቷ ነው። ሆኖም እሷ መሪ በያዘች ቁጥር አባቷ ከጎኗ ይቀመጣል፣ እግሩም ከዚያ ፍሬን ላይ ተነስቶ አያውቅም። ሥራዋን ደግሞ አንድም ቀን ሥራ ብሎ ጠርቶላት አያውቅም፤ “ያ የውሻ ነገርሽ” ነው የሚለው።

“አባዬ፣ የውሻ ገመድ ይዘህ ታውቃለህ?”

“እኔ ውሻ ይዤ አላውቅም፤ እነሱ ግን ሁለት ጊዜ ይዘውኛል።”

በጥድፊያ ነገሩን አስረድታ የብስኩቱን ቦርሳ ከወገቧ ፈትታ አስታጠቀችው። አባቷ መጀመሪያ አጉረመረመ። ፈተና የሚለውን ቃል ሲሰማ ግን ሳይታወቀው መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ኮሌታውንም አስተካከለ።

ፈታኟ ፈገግታ የማታባክን፣ አንገቷ ላይ የሰዓት መቁጠሪያ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ያመጣችው ቡናማ ውሻ ቁመቱ የአሠልጣኟን አባት ወገብ ይደርሳል። ስሙ ሻምበል መሆኑን ተናግራ ሰዓቱን አስጀመረች።

ሻምበል አባቷን እየጎተተ በቀጥታ ወደ አጥሩ ወሰደው። አሠልጣኟ እጆቿን ከኋላዋ አቆላልፋ በአፏ ተንጣጣች። ቁም፣ ገመዱን አላላው፣ ብስኩቱን አሳየው፣ በግራ አድርገው፣ አትጎትት፣ አሁን፣ አይ አለፈህ። ሻምበል ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። አባቷ ግን ዞሮ በዝግታ አያት።

“አንድ አንድ ንገሪኝ፣ ልጄ። መጀመሪያ ቀን አምስቱንም ማርሽ አይነግሩም።”

ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ፤ እውነቱን ነው። ትንፋሿን ሰበሰበች።

“ሲጎትትህ ቁም። ሌላ ምንም አታድርግ።”

አባቷ ቆመ። ሻምበል ጎተተ፣ አሁንም ጎተተ፣ ሲሰለቸው ዞሮ ምን ሆነሃል በሚል ዓይን አየው። “አሁን ብስኩት፣ ከጉልበትህ አጠገብ” አለች። ሻምበል ብስኩቱን ዋጠና አንድ እርምጃ ከጎኑ ተራመደ፤ ከዚያም ሦስት፣ ከዚያም አሥር። ገመዱ ረግቦ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። አባቷ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት እንደ ልጅ ከንፈሩን ነከሰ፤ እሷም በደስታ ልትፈነዳ ነበር።

ግቢውን አሻግረው ሲመለሱ ግድግዳው ላይ ድመት ብቅ አለች።

ሻምበል ተወረወረ። አባቷ ዘመም አለ፣ አንድ እግሩ ከመሬት ተነሳ። የአሠልጣኟም እጅ ሄደ፤ ከገመዱ ስንዝር ሲቀረው ፈታኟ እስክሪብቶዋን አነሳች።

“እግርሽን ከፍሬኑ ላይ አንሺ” አለ አባቷ፣ ዓይኑን ከውሻው ሳይነቅል። “ይዤዋለሁ።”

እጇን መልሳ ኪሷ ውስጥ ጨመረችው።

“ቁም፣ አባዬ። ጠብቀው።”

ጠበቀው። ድመቷ ጀርባዋን ልሳ፣ ሳትቸኩል፣ መንገዷን ሄደች። ሻምበል ቃተተና ዞሮ አባቷን አየው፤ ብስኩቱን ተቀብሎም ቀሪውን መንገድ ከጉልበቱ ሳይርቅ አብሮት መጣ። አርባ ሰከንድ ቀርቷቸዋል።

ፈታኟ ፈረመች፣ ማኅተሙን መታች፣ ማለፏንም በአንድ ቃል ነገረቻት። አሠልጣኟ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ሻምበልም ምን አጎደለኝ ብሎ በመካከላቸው ተሸጎጠ።

እስከ መኪናው ድረስ አባቷ አፉን አልዘጋም። ሻምበል እንዴት ዞሮ እንዳየው፣ ገመዱ እንዴት እንደረገበ፣ ድመቷስ ምን ዓይነት ደፋር እንደሆነች ደጋግሞ አወራ። በመጨረሻ “ሥራሽ ከባድ ነው” አለ፤ ሰምታው እግሯን ገታች።

የመኪናውን ቁልፍ ዘረጋላት። ተቀብላ መሪው ጋ ተቀመጠችና እንደ ልማዷ የጎኑን በር ከውስጥ ከፈተችለት። አባቷ በሩን ቀስ ብሎ መልሶ ዘጋው። የኋላውን ከፍቶ ገባ።

“አባዬ፣ ፊት ክፍት ነው እኮ።”

“አይቼዋለሁ” አለ፣ ቀበቶውን እያሠረ።