የሰይፍ ምልክት

ሙራድ በጎሬ ገበያ፣ ከአሮጌው በር ሥር ማጭድ መሸጥ ከጀመረ ሃያ ዓመቱ ነው። የበሩን የድንጋይ ምሰሶ እንዲህ የቦረቦረው እሱ ራሱ ነው፤ ማጭዱን ምሰሶው ላይ ገዢው ፊት ስሎ ካላሳየ ማን ይገዛዋል? ዛሬ አስጎብኚው ፋኦል፣ ያ ከረባቱ ያነቀው፣ ከመቱ ከተማ እንግዶች ይዞ መጣና ጎድጓዳውን እየዳሰሰ፣ «የጥንት አርበኞች ሰይፍ ያረፈበት ነው» አለ። አንዲት እንግዳ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ሳመችው።

«እሰይ፣ ዝገቴን ላሺልኝ!» አለ ሙራድ በሆዱ። ማጭዱን አንስቶ መሳል ሲጀምር ፋኦል ጮኸበት።

«ጋሼ ሙራድ፣ ቅርስ ነው፣ እንዳይነኩት!»

ሙራድ ከት ብሎ ሳቀ። ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ወዲያኛው ምሰሶ ተሻገረና ማጭዱን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ።

«በል እንግዲህ፣ ለልጆችህ ደግሞ ሌላ ጦርነት ልሥራላቸው።»